ተገልብጦ የተነበበ ዜማ

ቨርን የሰጣት የዜማ ወረቀት ላይ ያሉት ስድስት መስመሮች የጊታሩ ክሮች ናቸው፤ ቁጥሮቹ ደግሞ ጣት የሚያርፍበትን ያሳያሉ። ማርሊስ ሳምንቱን ሙሉ ስትታገለው ከርማ፣ ቅዳሜ ጠዋት ጎረቤቷ ቨርን ሊያስተምራት ሲመጣ ካፖርቱን እንኳ ሳያወልቅ ተጫወተችለት።

ቨርን ሳቁ አመለጠው። «አንቺ ሴትዮ፣ ገልብጠሽ እኮ ነው ያነበብሽው! የላይኛው መስመር ቀጭኗ ክር ናት፤ አንቺ ወፍራሟን አደረግሻት። ይሄን ዜማ ካንቺ በቀር የሰማው የለም።»

«የዜማ ደራሲ ሆንሽ በለኛ!»

እየሳቁ ሳለ ከቤቷ ላይኛው ፎቅ አንድ ሰው ማንጎራጎር ጀመረ። ያንኑ የተገለበጠውን ዜማ ነበር።

«እንግዳ አለሽ እንዴ?»

«ኧረ ብቻዬን ነኝ።»

ድምፁ ወረቀቱ የሚያልቅበት፣ ማርሊስ ሁልጊዜ የምታቆምበት ቦታ ደረሰና አልፎ ቀጠለ። ቨርን ለዛሬ ያመጣውን፣ እሷ አይታው የማታውቀውን ሁለተኛ ወረቀት ከቦርሳው አወጣ። ልክ እንደ እሷ ገልብጦ እያነበበ ቁጥሮቹን በጣቱ ተከተለ። ከላይ ያለው ድምፅ አንዱንም አልሳተም።

የገጹ መጨረሻ ላይ ጣቱ ቆመ። ድምፁም ቆመና፣ ወረቀቱን እስኪያዞርለት ጠበቀው።