ካቆመበት ቀጥል

ለኮምፒውተር ፕሮግራሙ ሁለት መነሻ ነበር የሚጽፍለት። «አዲስ ጀምር» የሚለውን በአምስት መስመር ጨረሰው። መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚሠራው «ካቆመበት ቀጥል» ግን ሳምንት ፈጀበት።

«ያስቀመጠውን አንብቦ መቀጠል አይደለም እንዴ?» አለችው አለቃው ውብአንቺ።

«ፕሮግራሙ በሌለበት ሌሎች ሥራውን ዘግተውት ቢሆንስ? መጀመሪያ ይጠይቅ። ከተዘጋ ምንም ሳይነካ ወደ አዲሱ ይሂድ።»

እሱ ራሱ በሰው አገር ሰባት ዓመት ታስሮ ከተመለሰ ሦስት ወሩ ነው። እስካሁን ቤቱ አልሄደም፤ በሕይወት መኖሩንም ለማንም አላሳወቀም። ቅዳሜ ጠዋት ግን ጢሙን ተላጭቶ ሄደ።

ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል። በሩ ላይ አንዲት ልጅ ጆግ ይዛ የእንግዶችን እጅ ታስታጥባለች። ቅንድቧ ላይ ጠባሳ አለ። በአራት ዓመቷ ከአልጋ ወድቃ ነው፤ አቅፎ ሐኪም ቤት ያደረሳት እሱ ነበር።

«ይግቡ ጋሼ» አለችው።

«ምንድን ነው ዛሬ?»

«የአባቴ ሙት ዓመት ነው።»

ሁለት እጁን ዘረጋላት። ቀስ አድርጋ ውሃውን አፈሰሰችለት።

«ነፍስ ይማር፣ ልጄ» አላት።