የጾም ሆድ

ልጅ ሳለች እናቷ ለጎረቤት «ባል ሲያኮርፍ አብረሽው ብዪ» ስትል ሰምታ ነበር፤ «አትብዪ» ብላም ይሆናል፣ እማዋይሽ በደንብ አታስታውሰውም።

ባሏ አስናቀ ዘንድሮ ሆዱን ታሞ፣ አዲስ ባክቴሪያ ተተክሎለት ዳነ። ባክቴሪያዎቹ ግን ሦስት ቀን ወተት ካጡ ያልቃሉ፤ ባክቴሪያው ያልተተከለለት አሮጌ ሆድ ካለው ሰው ጋር ከአንድ ሰሃን ከበላም ያልቃሉ፤ እሱም አብሯቸው። የእሷን ዓይነቱን ሰፈርተኛው «የጾም ሆድ» ይለዋል።

ሁዳዴ ገባ። አስናቀ የወተት ገንፎውን ይዞ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

«ምነው፣ ሰረቅኸው እንዴ?» አለችው ልታስቀው።

«አንቺ ጾመሽ እኔ ወተት? አርባ ዓመት ብቻዬን በልቼ አላውቅም። አይወርድልኝም፣ እማዋይ።»

ሰሃኑን ገፋው። ወተት ካልቀመሰ ሁለተኛ ቀኑ ነበር።

ባክቴሪያውን የተከለችለትን ነርስ አስጠራች።

«እትዬ፣ የእሳቸውን ባክቴሪያ ለእርስዎም የሚተክለውን እንክብል ከዋጡ መመለሻ የለውም» አለቻት ነርሷ። «ጾም ለዕድሜ ልክ ይቀርብዎታል።»

እማዋይሽ አማተበች። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና «እሱ ያውቃል» አለች። «ስጪኝ፤ እውጠዋለሁ።»