ምርጥ ተሞክሮ

«በዚያ በኩል ያዥልኝ» አሉ እማማ ላቀች፣ የጆንያውን አፍ በገመድ እየቋጠሩ። ሰሚያ ያዘች። ገብሱ ከባድ ነበር። ሁለቱ ተጋግዘው አህያው ላይ እስኪጭኑት ድረስ ሦስት ጊዜ ይቅርታ ጠየቀች፤ አሮጊቷ ሦስቱንም ጊዜ የሰሙ አልመሰሉም።

ነገሩ የትናንት ነው። ሰሚያ የምትሠራበት፣ አረጋውያንን የሚረዳው የበጎ ፈቃድ ማኅበር፣ ከአርብ ገበያ ወረድ ብሎ ባለው በዚህ መንደር እድር ውስጥ አባል ልሁን ብሎ ጠይቆ ነበር። ንግግር እንድታደርግ እሷ ተላከች። ንፋስ መውጫ ያደገች የነጋዴ ልጅ ናት፤ አፏ የተፈታ ነው፣ ሕዝብ አይታ አትደነግጥም። ባይፈታ ይሻላት ነበር።

የእድሩን ሰዎች ላሞግስ ብላ፣ ቤት ለቤት ስትዞር ያየችውን ተናገረች። እማማ ላቀች ጧሪ ቀባሪ የላቸውም። ጎረቤቶቻቸው ግን በየዓመቱ «ቤታችን ነቀዝ ገብቶበታል፣ እባክዎ አደራ ያስቀምጡልን» እያሉ ገብስ እሳቸው ዘንድ ያኖራሉ፤ ተመልሶ የሚጠይቅ የለም። «ይህ ሊሰፋ የሚገባው ምርጥ ተሞክሮ ነው» አለች። ስማቸውን ጠርታ ነው ያለችው። እማማ ላቀች ከሴቶቹ መሃል ተቀምጠው ነበር።

ሰዉ ጸጥ አለ። ሰሚያ ጸጥታውን ከአክብሮት ቆጠረችው። ቆይቶ ተጨበጨበ፣ ማኅበሩም አባል ሆኖ ተመዘገበ። እማማ ላቀች ጭብጨባው ሳያልቅ ነጠላቸውን አስተካክለው ወጥተው ሄዱ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅም ሁለት ጆንያ ለሁለት ጎረቤት መለሱ። ሰሚያ ይህን የሰማችው ዛሬ ማለዳ ነው። ሰምታ ሮጣ መጣች፤ ሲቋጥሩም ሲያስሩም አጠገባቸው ተቀምጣ ለመነች። ይህ ሦስተኛውና የመጨረሻው ነው፤ የእድሩ ዳኛ የፈንታ።

አህያው ከፊት፣ እነሱ ከኋላ ሆነው ቁልቁለቱን ያዙ።

«እማማ፣ ይህ ጆንያ እኮ ባለፈው ሳየው ተጋምሶ ነበር። ከየት ሞሉት?»

«ከራሴው ገብስ ጨመርሁበት።»

የራሳቸው ገብስ ማለት መሬታቸውን ለሰው ሰጥተው ከአውድማ የሚደርሳቸው እኩሌታ ነው። እስከ መጪው ጥር ከእሱ ሌላ ቀለብ የላቸውም። የትናንቶቹን ሁለት ጆንያዎች የሞላቸውም እሱ መሆን አለበት።

«ታዲያ ምን ሊበሉ ነው?» አለች ሰሚያ።

ጥቂት እንደሄዱ አሮጊቷ ፊታቸውን ሳያዞሩ ተናገሩ።

«ሳላውቅ የኖርሁ መስሎሽ ነው? ነቀዝ ሰባት ዓመት ሙሉ የፈንታን ቤት ብቻ መርጦ ይገባል? አውቃለሁ። እንደማውቅም ያውቃሉ። ያልተነገረ ነገር ነውና አንገቴን ሳልደፋ በላሁት። አሁን በሸንጎ ተነገረ። ብይዘው ለማኝ ነኝ። አይ፣ አደራ ነው ብል ደግሞ አደራ በላ ነኝ። ሌላ መንገድ ካለ አንቺ የተማርሽው ንገሪኝ።»

ሰሚያ ካፍ ከወጣ አፋፍ የሚለውን ተረት ትምህርት ቤት ስታብራራ ማንም አይስተካከላትም ነበር፤ ትርጉሙን ግን አሁን ከአህያ ኋላ እየሄደች ተማረችው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

ፈንታ ከደጃፉ ቆሞ ጠበቃቸው። አህያውን አየ፣ ጆንያውን አየ፣ ሰሚያንም አየ። እንቢ በል፣ ለምናቸው፣ መልሳቸው ብላ በዓይኗ ለመነችው። እሱ ግን ገመዱን ፈታ፣ ጆንያውን አወረደ፣ አንድ እፍኝ ገብስ ዘግኖ በመዳፉ ላይ አየው።

«ነቀዝ አልነካውም፣ እትዬ ላቀች። ደህና አድርገው ጠብቀውልኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ።»

«እንግዲህ አደራህን አስረከብሁ» አሉ እማማ ላቀች።

ፈንታ ጆንያውን ተሸክሞ ወደ ቤቱ አስገባ። ሰሚያ ልትጮህበት ምንም አልቀራት፤ የአሮጊቷ የዓመት ጉርሻ ነው በዚያ በር የገባው። ግን ደግሞ ገባት። ሰውየው እንቢ ቢል እሷ ትናንት ያለችውን መድገሙ ነበር። ሲወጣ ዓይኑ ቀልቶ ነበር፤ እጁን ከገብሱ አቧራ ያራግፋል፣ ከጸዳም በኋላ ያራግፋል።

ሚስቱ አስካለ ከማጀት ብቅ አለች። ትኩስ ዳቦ አውጥቻለሁና ግቡ፣ ቅመሱ አለች። እማማ ላቀች በዚህ ቤት ሰባት ዓመት ሙሉ ሳይጠሩ ገብተው በልተዋል።

«በልቼ ነው የወጣሁ» አሉ።

አስካለ አላመነችም። ወደ ሰሚያ ዞረች። «አብራችሁ ነው የመጣችሁ፤ እውነት በልተዋል?»

ሰሚያ ከማለዳ ጀምሮ የተቀመጠችው በእማማ ላቀች ምድጃ አጠገብ ነበር። አመዱ ቀዝቃዛ ነበር፤ ማንም እፍ አላለበትም። እማማ ላቀች አህያውን እየዳበሱ ምራቃቸውን ሲውጡም አይታለች።

«አዎ» አለች። «አብረን ነው የበላን።»

እማማ ላቀች ቀና ብለው አዩዋት። ከዚያ አህያውን መልሰው ዳገቱን ያዙ። ሰሚያም የዳቦው ሽታ እስኪጠፋ ድረስ ከኋላ ከኋላቸው ሄደች።