የወንዙ ዳር አብሪ ጥንዚዛዎች

የመምህር ወልደአረጋይ ዓይን ጠፋ የተባለው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ አንድያ ልጃቸው መድኃኒት በሞተች በሁለተኛው ወር። ሐኪም ቤት እንውሰድዎት ሲባሉ «ከእንግዲህ ምን አያለሁ ብዬ ነው?» ብለው እምቢ አሉ።

ያን ሰሞን ባለቤታቸው ወይዘሮ እጸገነት ከአልጋ አይነሱም፣ እህል አይቀምሱም፣ ሰው አያናግሩም ነበር። ልጃቸውን ተከትለው ሊሄዱ ነው ተብሎ ተፈርቶ ነበር። ዓይነ ስውር ባል ግን የሚመራው ሰው ይፈልጋል። ምን ያድርጉ፣ እያለቀሱ ተነሱ።

መምህሩ ካዛንቺስ ካለው ቤታቸው ጓሮ፣ ወንዙ ዳር፣ አብሪ ጥንዚዛ እያዩ በደብተር መመዝገብ የጀመሩት ገና ባዮሎጂ ሲያስተምሩ ነው። የጥንዚዛው ዓይነት በብልጭታው ይለያል። አሁን አመሻሽ ላይ ሁለቱም ይወጣሉ፤ እሳቸው ይጠይቃሉ፣ ሚስታቸው ያያሉ።

«ስንቴ በራ?»

«ሁለቴ ቶሎ ቶሎ፤ ከዚያ ዝም አለ።»

«መልኩስ?»

«ብርሃኑ ወደ አረንጓዴ ያደላል። አንገቱ ቀላ ብሏል።»

መምህሩ በዚያ ባማረ የእጅ ጽሑፋቸው ይመዘግባሉ።

የድሮ ተማሪያቸው ጀሚላ ጎረቤት ናት። ከአጥሩ ወዲያ ሆና ይህን ትሰማለች። ወንዙ ዳር የነበረው ሳር ለሕንፃ ተብሎ ተነቅሏል፤ ሲሚንቶ ፈሶበታል። ጥንዚዛ የሚባል የለም። ወይዘሮ እጸገነት ግን ለባላቸው፣ ድምፁ የሚሰማው ማሽን የሚቆፍረው ማዶ ነው ብለዋቸዋል።

አንድ ቀን ጭራሽ «ሴቷ እየበረረች ታበራለች» አሉ። የዚያ ዓይነቷ ሴት ክንፍ የላትም! ጀሚላ አሥረኛ ክፍል ሳለች ይህችኑ ጥያቄ ስታ ዜሮ የሰጧት ራሳቸው መምህሩ ናቸው። አሁን ግን ሳያርሙ ጻፉ።

ጀሚላ አዘነች። የማያይ ሰው ማታለል ለእሷ ግፍ ነው።

በማግስቱ ወይዘሮ እጸገነት ነጠላቸውን አጣፍተው ኡራኤል ሊሳለሙ ወጡ። ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። ጀሚላ ጠብቃ ገባች።

«ቲቸር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ማለቴ፣ ዝም ማለት አልቻልኩም። እትዬ እጸገነት እየዋሹዎት ነው። እዚያ የሚያበራ ነገር የለም። ሳሩም የለም። በቃ፣ ሲሚንቶ ነው።»

መምህሩ እንባቸው ወረደ።

«ሲሚንቶውንማ አየዋለሁ እኮ ልጄ። አደራሽን ለእሷ እንዳትነግሪያት፤ ተመልሳ ትተኛለች።»