የሊቀመንበሩ ድምፅ

«ለአሽንዳ ጠረጋ ደግሞ የምን ኢንሹራንስ ነው? ቆይ ላሳያችሁ!» ብለው የኮንዶሚኒየሙ ማኅበር ሊቀመንበር ከስብሰባው ተነሥተው መሰላሉ ላይ ራሳቸው ወጡ። ጣሪያው ጥግ ሲደርሱ መሰላሉ ተንሸራቶ ወደቀ፤ እሳቸውም የመስኮት ጠርዝ ረግጠው፣ ቧንቧውን በሁለት እጃቸው አቅፈው ቀሩ። ቁልቁል ቢያዩ፣ ዘበኛው በየክረምቱ አሽንዳ ሲጠርግ የሚያየው ገደል ከእግራቸው ሥር ነበር።

«አይዞዎት ጋሼ፣ መጣሁ!» ብሎ ዘበኛው መሰላሉን ሲያነሣ፣ ጸሐፊዋ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «ስብሰባው አልተበተነም» አለች። «ለሠራተኞቻችን የጉዳት ኢንሹራንስ ይገባ የምትሉ እጃችሁን አውጡ።»

የግቢው ሰው ሁሉ እጁን አወጣ። ሊቀመንበሩ ቧንቧውን ሙጭጭ አድርገው እንደያዙ፣ አንድ እግራቸውን ቀስ ብለው ወደ ጎን ዘረጉ።

«ይቺም ትቆጠርልኝ!»