ፍርግርጉ ብስኩት

ባሌ ከሞተ ወዲህ የአማቴ ቤት አፍኖኛል። ዛሬ ፔስካራ፣ እህቴ ጋ፣ ጠቅልዬ ልሄድ ካፖርቴን ለብሼ ስወጣ፣ አማቴ ኤርሲሊያ «የበዓሉን ብስኩት ሳትጋግሪማ የት ትሄጃለሽ?» አሉኝ።

ካፖርቴን ሳላወልቅ፣ እንደ ሁልጊዜው ሊጡን ፍርግርግ በተቀረጸባቸው፣ ረጅም እጀታ ባላቸው ሁለት የብረት ሳህኖች መሃል ተጭኜ እሳት ላይ ያዝኩት። በአንዱ ጎን እስኪበስል አንድ ሰላም ለኪ፣ ገልብጬ ሌላ ሰላም ለኪ ደገምኩ። ስከፍተው ብስኩቱ ላይ የተለመደው ፍርግርግ ወጥቷል። ከፍርግርጉ ጀርባ ግን ፍርግርጉን የጨበጡ ጣቶች አብረው ታትመዋል። ስደነግጥ ብረቱ አውራ ጣቴን አቃጠለኝ።

«እማማ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ሊጥ ነዋ! ቀጥዪ።»

አውራ ጣቴን በጨርቅ አስሬ ቀጣዩን ጋገርኩ። ጣቶቹ አሁንም አሉ። አውራ ጣቱ በጨርቅ ታስሯል፤ ቋጠሮው ሳይቀር የእኔ ነው።

አማቴ ብስኩቱን ወደ መስኮቱ አንስተው አዩት።

«እንደዚህ ነው እንጂ! በይ አሁን ካፖርትሽን አውልቂ፣ ልጄ።»