ከመስታወቱ በታች

መጀመሪያ ያስጠላኝ ሴራሚኩ ብቻ ነበር። እንዳድስ የተቀጠርኩበት የመታጠቢያ ቤት ግድግዳ ቡናማ አበባ ባለበት ሴራሚክ ተሸፍኗል፤ የሠላሳ ዓመት የሳሙና እድፍ ጠግቧል። "አፍርሼ ላውጣው?" ብላቸው፣ እትዬ የምላቸው ባለቤቲቱ "እንዳትነካው! ከላዩ ለስንበት" አሉኝ።

እሺ ብዬ እድፉን በበረኪና አጠብኩ፣ ማጣበቂያ ቀባሁ፣ የጌጡን ልስን ስስ አድርጌ አለበስኩት። ሲያልቅ እንደ መስታወት ለስልሶ ነበር።

በማግስቱ ስዳብሰው መልሼ ከሰቀልኩት የፊት መስታወት በታች ያለው ቦታ ሻክሯል። በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ አስተካከልኩት። በሦስተኛው ቀንም ያው ሻካራ ነው። ልስኑን የሸጠልኝን ሰው እስኪበቃኝ ረገምኩት።

በአራተኛው ቀን ከፈገፈግኩ በኋላ ወረቀቱን ገልብጬ አየሁት። የተጣበቀበት የልስን ብናኝ አልነበረም። ጥቁርና ሽበት የተቀላቀለበት፣ ወዝ ያለው አጫጭር ጸጉር ነው። እጄን ሱሪዬ ላይ ጠረግሁት፤ ወዲያው ሱሪዬንም ተጸየፍኩት።

"እትዬ! ኧረ ይምጡ፣ ይሄን ጉድ ይዩ!"

ለካ ከኋላዬ ቆመዋል። በአንድ እጃቸው የሳሙና አረፋ፣ በሌላው ምላጭ ይዘዋል።

"በወረቀት አትፈግፍገው ልጄ፣ ያመዋል" አሉ በለሆሳስ። "እዚያ ሴራሚክ ስር ታፍኖብኝ ነው የኖረው። አሁን ልስንህ ቆዳ ሆነለት፣ እግዜር ይስጥህ።"

አረፋውን ከመስታወቱ በታች በጣታቸው ቀቡና ምላጩን አስጠጉ።

ግድግዳውም ልስኑ ሳይሰነጠቅ፣ ሰው ሲላጭ አገጩን ቀና እንደሚያደርገው፣ ቀስ ብሎ ቀና አለላቸው።